«ሊን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ ከሚማሩ፣ ከሚያስተምሩና ጽሑፍ ከሚተረጉሙ ሰዎች በየጊዜው የሚነሱ ናቸው፤ ከቀላሉ ተጀምረው ወደ አከራካሪው ይሄዳሉ።

«ሊን» ማለት ምን ማለት ነው?

ግስ ሲሆን ቀጥ ብሎ ከመቆም ወደ አንድ ወገን ማዘንበል፣ ወይም የሰውነትን ክብደት በሌላ ነገር ላይ አሳርፎ መደገፍ ማለት ነው። ቅጽል ሲሆን ደግሞ ስብ የሌለው፣ ቀጭን፣ ከሲታ ማለት ነው። የቡና መጋዘን ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል በመጀመሪያው ትርጉም ይነገራል፤ ልኳንዳ ቤት ጮማው ተለይቶለት የሚመዘን ቀይ ሥጋ በሁለተኛው።

ታዲያ አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት?

ሁለት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የመደገፍ ግስ «ህሊኒያን» ወይም «ህሌዮኒያን» ይባል ነበር፤ ቀጭንን የሚገልጸው ቅጽል ደግሞ «ህላኔ» ነበር። በመካከለኛው ዘመን የቃላቱ መጨረሻ እየተሸረፈ፣ የመጀመሪያው «ህ»ም እየጠፋ ሲሄድ ሁለቱ በድምፅም በጽሕፈትም ገጠሙ። ጥሩ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዳቸው የተለየ ርእስ የሚሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ርእስ ብቻ አንብቦ መጽሐፉን የሚዘጋ ተማሪ «ሊን ሚት» የሚለውን «የተደገፈ ሥጋ» ብሎ ቢተረጉም አይፈረድበትም።

በአማርኛ በየትኛው ቃል ልተርጉመው?

ለሁሉም ቦታ የሚበቃ አንድ የአማርኛ ቃል የለም። አማርኛ የሚመርጠው ሰውነቱ ወይም ዕቃው የሆነውን ነገር አይቶ ነው። ክብደት በሌላ ነገር ላይ ካረፈ ተደገፈ እንላለን፤ ያረፈው በዱላ ወይም በበትር ላይ ከሆነ ተመረኮዘ የሚለው ይሻላል፤ ጭንቅላት ብቻ ከሆነ ያረፈው ተንተራሰ ይባላል። ምንም የሚይዘው ነገር ሳይኖር ከቀጥታ መስመር የወጣ ግንብ ወይም ምሰሶ ዘመመ ይባላል። ሰው ወደ ፊት ሲያዘነብል ጎንበስ አለ፣ ወደ ጎን ሲሆን ዘንበል አለ፣ ለመስማት ሲጠጋ ጠጋ አለ እንላለን። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ሁሉ «ሊን» ብሎ ያልፍና ልዩነቱን ከቃሉ ኋላ በሚመጣው መስተዋድድ ያሳያል።

ጣሊያን ያለው የፒሳ ግንብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1173 ተጀምሮ ገና ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ መሬቱ በአንድ ወገን ሰመጠና ማጋደል ጀመረ፤ ዝመቱ ከ5 ዲግሪ አልፎ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1990 ለጎብኚዎች ተዘግቶ ከስሩ አፈር በጥንቃቄ ተወስዶለት ዛሬ ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ተመልሷል። እንግሊዝኛው ግንቡን «ሊኒንግ ታወር» ይለዋል። በአማርኛ «ተደጋፊው ግንብ» ብንለው የሚደግፈው ሌላ ግንብ ያለ ይመስላል፤ ትክክለኛው «ዘማማው ግንብ» ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ተደገፈ፣ ተመረኮዘና ተንተራሰ የሚሉት ሦስቱ ግሶቻችን ከአካል ወደ ሐሳብ ተሻግረዋል፦ በወንድሙ ገቢ ተደግፎ ይኖራል፣ በሕጉ ላይ ተመርኩዞ ወሰነ፣ ጥናቱን ተንተርሶ ተናገረ። አፋን ኦሮሞም «ሂርከቹ» በሚለው ግስ መደገፍንም በሰው ላይ ጥገኛ መሆንንም ይገልጻል። ስለዚህ የጅማ ተማሪ፣ አፉን የፈታው በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን፣ እንግሊዝኛው «ሊን»ን ለመተማመን ሲጠቀምበት የሚደናገርበት ምክንያት የለም። ግራ የሚገባው ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ላይ ነው።

«ግድግዳውን ተደገፈ» ለማለት «ሊን» ከሚለው ቀጥሎ ምን ይገባል?

በአማርኛ ግድግዳው ተሳቢ ሆኖ «ን» ይጨመርበታል፤ መስተዋድድ አያስፈልገውም። ይህንኑ ልማድ ይዞ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ «ሂ ሊንድ ዘ ዎል» ይላል፤ ይህ ግን በእንግሊዝኛ ስህተት ነው። የሚደገፍበት ነገር ከመጠቀሱ በፊት የግድ መስተዋድድ ይገባል። የፈተና ወረቀት ሲታረም በዚህ ቃል ዙሪያ ከሚገኙት ስህተቶች ይህን የሚያክል የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር፣ ማለትም ግድግዳ፣ አጥር፣ ዛፍ ወይም የመኪና በር ሲሆን «ሊን አጌንስት» ይባላል፤ የቡና ጆንያ ግድግዳ ላይ ሲደገፍም እንዲሁ ነው። ክብደቱ ከላይ ወደ ታች የሚያርፍበት ነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ ክርን በጠረጴዛ ላይ፣ እጅ በምርኩዝ ላይ ወይም በሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ «ሊን ኦን» ይመረጣል። ይኸው «ሊን ኦን» ሁለት የሐሳብ ትርጉሞች አሉት፤ እነሱም ለየቅል ናቸው። አንደኛው በሰው መተማመንና እርዳታውን መጠየቅ ነው። ሁለተኛው በተቃራኒው ሰውን ማስጨነቅ፣ ፈርም ወይም ክፈል ብሎ መጫን ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከዐውዱ ብቻ ነው፦ ችግር የደረሰበት ሰው በጓደኛው ላይ «ሊን» ካደረገ ተማምኖበታል፤ አለቃ በሠራተኛው ላይ «ሊን» ካደረገ ተጭኖታል።

«ሊን ቱዋርድ» ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበልን ይገልጻል፤ ገና ሳይወስኑ ወደ አንዱ ምርጫ ማድላትንም ይጨምራል። «ሊን ኦቨር» በአንድ ነገር ላይ ጎንበስ ማለት ነው፤ «ሊን ባክ» ወደ ኋላ ለጠጥ ማለት፣ «ሊን አውት» ከመስኮት ወይም ከባጃጅ በር ወደ ውጭ መውጣትና መታጠፍ ነው። «ሊን ኢን» መጀመሪያ ጠጋ ማለት ብቻ ነበር፤ የፌስቡክ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረችው ሼሪል ሳንድበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመችው መጽሐፍ ምክንያት ግን በሥራ ቦታ ወደ ኋላ ሳይሉ ኃላፊነትን መጋፈጥ የሚል ትርጉም ተጨምሮበታል።

ያለፈ ጊዜው «ሊንድ» ነው ወይስ «ሌንት»?

ሁለቱም ትክክል ናቸው። አሜሪካውያን «ሊንድ» ብቻ ይጠቀማሉ፤ በብሪታንያ ሁለቱም ይሰማሉ። «ሌንት» ሲነበብ አናባቢው ያጥራል፤ ስለዚህ ሲሰማ «አበደረ» ከሚለው ግስና የዐቢይ ጾም መጠሪያ ከሆነው ስም አይለይም፣ በጽሕፈት ግን የሚለየው እሱ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ፊደላት አንድ ናቸው፣ የጾሙ ስም በትልቅ ፊደል ከመጀመሩ በቀር። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው የሚሻለው።

የመደገፉ ግስ ከየት መጣ?

ሥሩ ከእንግሊዝኛ በጣም ይርቃል። የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንት ከህንድ እስከ አውሮፓ ለተዘረጉት ቋንቋዎች መነሻ በሚሉት ጥንታዊ ቋንቋ ውስጥ ማዘንበልን የሚገልጽ «ክለይ» የሚል ሥር እንደነበረ ያስቀምጣሉ። ይህ ሥር በጀርመናዊ ቋንቋዎች በኩል ሲወርድ የመጀመሪያው «ክ» ወደ «ህ» ተለወጠ። ለውጡ የዚህ ቃል ብቻ አይደለም፤ ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 በዝርዝር ያሳየው ሕግ ነው። ላቲኑ መቶን «ኬንቱም» ሲል እንግሊዝኛው «ሀንድረድ» የሚለው፣ ላቲኑ ውሻን «ካኒስ» ሲል እንግሊዝኛው «ሃውንድ» የሚለው በዚሁ ሕግ ነው። በኋላ እንግሊዝኛ ከ«ል» በፊት የነበረውን «ህ» ጣለው፤ ዳቦን የሚገልጸው «ህላፍ» ዛሬ «ሎፍ» የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ጀርመንኛው «ሌነን»፣ ደችኛው «ሎይነን» ይላሉ፤ ሁለቱም መደገፍ ማለት ናቸው።

ግሪክና ላቲን ግን «ክ»ውን ጠብቀው አቆዩት፤ እንግሊዝኛም ከእነሱ ብዙ ተበድሯል። በላቲን በኩል የመጡት «ኢንክላይን»፣ «ዲክላይን» እና «ሪክላይን» ሁሉም በውስጣቸው ማዘንበል አለ። በግሪክ በኩል የመጣው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ግሪኮች ጋደም የሚባልበትን አልጋ «ክሊኔ» ይሉት ነበር፤ አልጋው አጠገብ ሆኖ በሽተኛን የሚያይ ሐኪም ከዚያ ስም ወጣለት፤ ከእሱም «ክሊኒክ» መጣ። ጅማ ከተማ ውስጥ በየመንገዱ ዳር በታፔላ ላይ የሚነበበው «ክሊኒክ» እንግዲህ የ«ሊን» የቅርብ ዘመድ ነው። የአየር ንብረትን የሚገልጸው «ክላይሜት»ም ከዚሁ ነው፤ በግሪክ «ክሊማ» ዝንባሌ ወይም ተዳፋት ማለት ሲሆን ምድር ከወገብ ወደ ዋልታ ስታዘነብል የሚፈጠሩትን ቀጠናዎች ለመሰየም ዋለ። «ክሊማክስ» ደግሞ መሰላል ነበር። የእንግሊዝኛው «ላደር» ራሱ ከዚሁ ሥር ስለወጣ፣ መሰላልን ግድግዳ ላይ አስደገፈ የሚለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ግሱም ዕቃውም ከአንድ ሥር የመጡበት ነው።

ቀጭን የሚለው «ሊን» ሙገሳ ነው ወይስ ነቀፋ?

እንደ አገባቡ ነው። ስለ ሥጋ ሲነገር ገለልተኛ ነው። ስለ ሰው አካል ሲነገር በአሁኑ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ሙገሳ ነው፤ ስብ የሌለበት፣ ጡንቻው የጠነከረ፣ እንደ ረጅም ርቀት ሯጭ ያለ አካል ይገልጻል፤ በአማርኛ ሸንቃጣ የሚለው ይቀርበዋል። በአሮጌ ጽሑፎች ውስጥ ግን ከሲታ ወይም መንማና ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው ሥጋቸው የከሳ ላሞች የተገለጹት በዚህ ቃል ነው። በዚያው መጽሐፍ በምሳሌ ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ «በራስህ ማስተዋል አትደገፍ» ለሚለው የገባው ሌላኛው «ሊን» ነው። ሐኪሞች «ሊን ቦዲ ማስ» ሲሉ ከሰውነት ክብደት ላይ ስቡ ሲቀነስ የሚተርፈውን ማለታቸው ነው፤ እዚህ ላይ ሙገሳም ነቀፋም የለም።

በእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርት ውስጥ ያለው «ሊን ሲዝን» ምንድን ነው?

ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ያለው ጊዜ ነው። መኸር በሚያመርቱ አካባቢዎች ሐምሌና ነሐሴ ከዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። በጅማ ዙሪያ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ ኑሮው በቡና ላይ ለተመሠረተ ቤተሰብ ክረምቱ የእህልም የገንዘብም እጥረት የሚገናኙበት ወቅት ሊሆን ይችላል። «ቀጭን ወቅት» ብሎ መተርጎም ለአንባቢ ምንም አይነግረውም፤ «እህል የሚያጥርበት ወቅት» ማለት ይበቃል።

በካይዘን ሥልጠና ላይ የሚነሳው «ሊን» ከዚህ ጋር ይገናኛል?

አዎን፣ ቀጭን ከሚለው ጋር ይገናኛል። ቃሉን ለአመራረት ዘዴ መጠሪያ ያደረገው ጆን ክራፍሲክ የተባለ በኤም አይ ቲ የመኪና ኢንዱስትሪን ያጠና ተመራማሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጽሑፍ የቶዮታን አሠራር በዚህ ስም ጠራው። አሠራሩ የተራረፈ ክምችት፣ ያለ ሥራ የሚጠብቅ ሠራተኛና ያለ ምክንያት የሚመላለስ ዕቃ እንዳይኖር ያደርጋል፤ ጃፓኖች ብክነቱን «ሙዳ» ይሉታል። ክራፍሲክ መጀመሪያ ያሰበው መጠሪያ «ተሰባሪ» የሚል ነበር፤ መጋዘን ሙሉ መጠባበቂያ የሌለው ፋብሪካ አንድ ነገር ሲጓደልበት ወዲያው ይቆማልና። ቃሉ ነቀፋ ስለሚመስል «ሊን»ን መረጠ። አገራችን ካይዘንን በስፋት ለማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት ካቋቋመች ወዲህ ሁለቱ ስሞች አብረው ይነሳሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ካይዘን በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት ማሻሻል ሲሆን «ሊን» ሙሉውን የአመራረት ሥርዓት ይመለከታል። ለ«ሊን» «ብክነት የሌለው አመራረት» ከሚለው የተሻለ አማርኛ እስካሁን አልሰማሁም።

ሜካኒክ ሞተሩ «ሊን» ሆኗል ሲል ምን ማለቱ ነው?

ነዳጁ አንሶ አየሩ በዝቷል ማለቱ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ከዚህ ሲበልጥ ድብልቁ «ሊን»፣ ሲያንስ «ሪች» ይባላል። የባጃጅ ሞተር ሲከፈት ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ ካንዴላው ጫፉ ነጣ ካለ ነዳጁ አንሷል፣ ጥላሸት ለብሶ ከጠቆረ በዝቷል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ስለሚሞቅ፣ ቤንዚን ቆጠብኩ ብሎ ካርቡሬተሩን አለመጠን የሚያጠብ ሰው በኋላ ለፒስተን ያወጣል።

«ግራ ዘመም» የሚለው አማርኛ የዚህ ቃል ትርጉም ነው?

ነው፤ «ሌፍት ሊኒንግ» ከሚለው የተወሰደ ነው። ግራና ቀኝ የሚለው የፖለቲካ አከፋፈል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1789 በፈረንሳይ ብሔራዊ ሸንጎ ሲሆን፣ የንጉሡን ሥልጣን የሚደግፉት ከሰብሳቢው በስተ ቀኝ፣ ለውጥ የሚሹት በስተ ግራ ይቀመጡ ነበር። በእንግሊዝኛው «ሊኒንግ» ፍረጃ የለበትም፤ የሐሳብን አዝማሚያ ብቻ ይናገራል። በአማርኛ ግን ዘመመ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ሊወድቅ የደረሰ ቤት ነው፤ ስለዚህ «ግራ ዘመም» የተባለ ሰው ስድብ ቢመስለው አያስገርምም። ቃሉ በጋዜጣም በሬዲዮም ሥር ስለሰደደ አሁን ይቅር ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ ሚዛናዊ መሆን ለሚፈልግ ተርጓሚ ግን «ወደ ግራ የሚያዘነብል» ማለት ይሻላል። «ወደ ግራ የሚያደላ» ማለትም ቢሆን አድልዎን ስለሚያስታውስ አልመርጠውም።

በዘፈን ውስጥ የሚሰማው «ሊን» የተባለ መጠጥስ?

ኮዴይንና ፕሮሜታዚን ያለበት የሳል ሽሮፕ ከለስላሳ መጠጥ ጋር ተደባልቆ የሚጠጣ ነው፤ ልማዱ ከአሜሪካዋ የሂዩስተን ከተማ ሙዚቃ ጋር ተያይዞ ታወቀ። ስሙ የወጣለት የጠጣውን ሰው ቀጥ ብሎ መቆም ስለሚያቅተው ነው ተብሎ ይነገራል፤ ማለትም ከመደገፉ ግስ የመጣ ነው። ኮዴይን ሲበዛ ትንፋሽን ስለሚያዳክም ሰው ይገድላል።

በብድር ውል ላይ ያየሁት «ሊን» ምንም አልመሰለኝም፤ ምንድን ነው?

እሱ ሦስተኛ ቃል ነው። በድምፅ ይገጥማል እንጂ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ይለያል፤ አንዳንዶችም «ሊየን» ብለው ያነቡታል። ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ምንጩ በላቲን ማሰሪያ ማለት የሆነው «ሊጋሜን» ነው። ትርጉሙም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አበዳሪው በተበዳሪው ንብረት ላይ ያለው የመያዣ መብት ነው። መኪናው «ሊን» አለበት ከተባለ ዘመመ ማለት አይደለም፤ ዕዳ ይዞታልና ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ ማለት ነው።

«ሊን» ስም ሲሆን እንዴት ይለያል?

እዚህ ላይ አንደኛውም ሁለተኛውም ቃል ስም ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄ ይጠይቃል። የግንቡ «ሊን» ሲባል ዝመቱ ነው፤ የሥጋው «ሊን» ሲባል ቀዩ ክፍል ነው። «ሊን ቱ» ደግሞ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የታወቀ የቤት ዓይነት ነው፦ ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሠራ፣ ክዳኑ በአንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብል ተቀጥላ ክፍል። ጅማ ዝናቧ ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለ በቆርቆሮ የተከደነ ማድቤት ወይም የእንጨት ማኖሪያ ከብዙ ቤት ጀርባ አይጠፋም። ቅጽሉን ከግሱ ለመለየት ደግሞ መጨረሻውን ማየት ነው፦ «ሊን ማን» ቀጭን ሰው ሲሆን «ሊኒንግ ማን» የተደገፈ ወይም ያዘነበለ ሰው ነው።

ሁለቱ «ሊን»ዎች በጥንት ጊዜ ዘመዳሞች ነበሩ?

ሊቃውንቱ የማይስማሙበት ጥያቄ ነው። «ህላኔ» ከዚያው ማዘንበልን ከሚገልጸው ሥር ወጥቷል የሚሉ አሉ፤ አካሉ የደከመ ሰው ያለ ድጋፍ መቆም ስለማይችል ያዘነበለው ሰው ከሲታው ሰው ሆነ ይላሉ። በድምፅ ሕግ በኩል የሚከለክለው ነገር የለም። አንዳንዶቹ ደካማ ማለት ከሆነው «ክሌይንስ» ከሚለው የላትቪያ ቃል ጋር ያዛምዱታል። ተቃራኒው ወገን የሚያነሳው ቁም ነገር፣ የግሱ ወንድሞች በጀርመንኛም በደችኛም ሲገኙ ለቅጽሉ ግን እዚያ ግልጽ አቻ አለመገኘቱ ነው። በዚህ የተነሳ መዝገበ ቃላት ዝምድናውን ሲጠቅሱ «ምናልባት» የሚል ቃል ያስቀድማሉ፤ ፈተና ላይ ቢጠየቅም ያለ «ምናልባት» መመለስ አይገባም።